አሳው ትኩስ ስለሆነ ብቻ ጥሬውን አትብሉት

ሰላም ለናንተ ለዝግጅት ክፍል ሰዎች፣ እንደምን ከረማችሁ። እኔ ሀዋሳ ሀይቁ አካባቢ አሳ ጠብሼ ምሸጥ ሴት ነኝ፣ እዚሁ ስራ ላይ 16 አመት አልፎኛል። ጋዜጣችሁን ደንበኞቼ ቁርስ በልተው ጠረጴዛ ላይ ትተውት ሲሄዱ ከሰአት ቤቱ ጭር ሲል አነበዋለሁ፣ ስለ ጤና የምትፅፉትንም እከታተላለሁ፣ ስለ አሳ ግን እስካሁን አይቼ አላውቅም፣ ስለዚ እኔው ልጀምረው ብዬ ነው።

ባለፈው እሁድ ከአዲስ አበባ ለዊክኤንድ የመጡ ስድስት ልጆች ቤቴ ገቡ። አራቱ ጥብስ አዘዙ፣ አንዷ ጉላሽ፣ አንደኛው ግን ጥሬ አሳ በዳጣ አምጪልኝ አለኝ። እኔ ጥሬ አልሸጥም የኔ ልጅ ስለው ፊቱ ቅይር አለ፣ «ምነው እናቴ፣ አሳው ትኩስ አይደለም እንዴ?» አለኝ ጮክ ብሎ፣ ሌሎቹም ያዘዙትን ጥብስ በጥርጣሬ ማየት ጀመሩ። ያን ቀን ጠዋት ከጀልባ ስረከበው እኮ ጭራው ገና ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አይኑ ጥርት ያለ፣ ስንጥቡን ገልጠህ ብታየው ደም የመሰለ ቀይ። ይሄን ሁሉ ነገርኩት። «ታድያ ለምን ትከለክይኛለሽ?» አለ። ቁጭ ብዬ ላስረዳው ፈልጌ ነበር ግን ቤቱ ሞልቶ ዘይቱም እሳት ላይ ነበር፣ ልጆቹ የጠበስኩትን በልተው ወጡ፣ ያኛው ደግሞ ሌላ ቦታ ሄዶ ጥሬውን እንደበላ ማታ ላይ ሰማሁ። ለሱ ያልነገርኩትን ነው አሁን ምፅፍላችሁ።

ብዙ ሰው ልክ እንደዛ ልጅ ነው ሚያስበው። አሳ ሚጎዳው ሲያረጅ ሲሸት ነው፣ ትኩስ ከሆነ ግን ጥሬውን ቢበሉት ምንም አይልም ይባላል። መሽተቱን በተመለከተ ልክ ናቸው፣ ያረጀ አሳ አይበላም። ግን በጣም ትኩስ አሳ ማለት ውስጡ ትል ካለ ትሉም በህይወት አለ ማለት ነው። ከሀይቅ ወጥቶ አንድ ሰአት ያልሞላው አሳ ውስጥ ያለ ትል ገና ምንም አልሆነም፣ የሞተው አሳው ብቻ ነው። ይሄን ነገር ሰው ቢረዳልኝ ሌላው ሁሉ ይቀላል።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት ስራ በጀመርኩ በሁለተኛው አመት ነው። መካከለኛ ቆሮሶ (ቲላፒያ ሚባለው አሳ) ነበር፣ ሆዱን ቀድጄ አንጀቱን ካወጣሁ በኋላ ጉሮሮው ስር ልቡ ያለበትን ቦታ በቢላ ጫፍ ስነካው ስስ ሽፋኑ ተቀደደና የተጠቀለለ ነገር ብቅ አለ። የደም ስር ነበር የመሰለኝ። ቀላ ያለ፣ ውፍረቱ እንደ ሹራብ ክር፣ ርዝመቱ ከትንሿ ጣቴ ብዙም ማያንስ። መክተፊያው ላይ ሳስቀምጠው ቀስ ብሎ መፈታታት ጀመረ። ደንግጬ ጨው ነሰነስኩበት፣ መንቀሳቀሱን አላቆመም። ሎሚ ጨመቅኩበት። እንደዛ ጥዬው ደንበኛ አስተናግጄ ምናልባት ከግማሽ ሰአት በኋላ ስመለስ አሁንም አንዱን ጫፉን ያነሳል ይጥላል። ጎረቤቴን ጠርቼ ሳሳያት «ዝም በይ፣ ደንበኛ እንዳይሰማሽ» አለችኝ፣ እኔም ዝም አልኩ፣ ለስንት አመት ዝም አልኩ፣ አሁን ሳስበው በጣም ይቆጨኛል።

ነገሩን የገለፀልኝ ከአመታት በኋላ ለጥናቱ የአሳ ሆድ እቃ ልግዛሽ ብሎ የመጣ የዩኒቨርስቲ ተማሪ ነው። ብር አልቀበልህም፣ ይልቅ ምን እንደሆነ አስረዳኝ አልኩት። ልጁም ሳይሰለች በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ እየከፈተ አሳየኝ። ያ ልብ አካባቢ ሚጠቀለለው ኮንትራሴከም ይባላል አለኝ፣ በኛ ሀይቅ ቆሮሶም አምባዛም ውስጥ እንደሚገኝ በጥናት የታወቀ ነው፣ በሌሎች የስምጥ ሸለቆ ሀይቆችም አለ። ሌላ ደግሞ ስጋው ወይም ቆዳው ስር ቢጫ ሆኖ ምስር የሚያህል እብጠት ውስጥ ሚቀመጥ አለ፣ እሱ ክሊኖስቶመም ነው። እሱን እኔ ስንት ጊዜ አይቼ ስብ ነው ብዬ አልፌዋለሁ መሰላችሁ።

ከየት እንደሚመጣ ሲነግረኝ ደግሞ ይበልጥ ደነገጥኩ። ትሉ አድጎ እንቁላል ሚጥለው አሳው ውስጥ ሳይሆን አሳ በል ወፎች ሆድ ውስጥ ነው፣ ፔሊካንና የመሳሰሉት። ወፏ ኩሷን ሀይቁ ላይ ትጥላለች፣ እንቁላሉ ውሀ ውስጥ ይፈለፈላል፣ በአይን በግድ ሚታዩ የውሀ ነፍሳት ይበሉታል፣ ነፍሳቱን አሳ ይበላቸዋል፣ አሳውን መልሳ ወፍ ትበላዋለች፣ እንደዛ እየዞረ ይኖራል። ቢጫው ደግሞ በቀንድ አውጣ በኩል ዞሮ ነው አሳ ውስጥ ሚገባው፣ ወፎቹ ጋ ደግሞ ሚቀመጠው አፍና ጉሮሯቸው ውስጥ ነው።

እንግዲህ እኛ ምን እንደምንሰራ አስቡት። ጠዋት አሳ ስንበልት ሆድ እቃውን ጠቅላላ እዛው ዳር ላይ እንጥለዋለን። ወፎቹ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፣ ፔሊካኖቹም አባ ኮዳዎቹም፣ ቱሪስቱም ልጆችም እየወረወሩ ያበሏቸዋል፣ ፎቶ ይነሳሉ። እኔም ልጆቼን ይዤ ወርውሬላቸው አውቃለሁ፣ ደስ ሚል ነገር ነበር። ትሉ ያለው ግን በአብዛኛው እዛ ምንጥለው ሆድ እቃ ውስጥ ነው፣ ለወፎቹ ስንሰጣቸው ትሉን በእጃችን ወደ ቤቱ እየመለስነው ነው ማለት ነው። ሀዋሳ ሀይቅ ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም፣ ጥቁር ውሀ ይገባበታል እንጂ ሚወጣ የለም፣ ያስገባነው ነገር እዛው ነው ሚቀረው። ልጁ ከነገረኝ ቀን ጀምሮ የቤቴን የአሳ ሆድ እቃ በባልዲ አጠራቅሜ ጉድጓድ አስቀብራለሁ፣ ዶሮ ላላቸው ሰዎች ከሆነ ደግሞ በደንብ ቀቅዬ ነው ምሰጠው።

አሁን ሰው ሚጠይቀኝ ጥያቄ ይሄ ነው፣ ትሉ ሰውን ይጎዳል ወይ? ሳላጋንን ልናገር። አሳ ውስጥ ያለ ትል ሁሉ ሰው ላይ አይኖርም። ለምሳሌ ጣና ላይ ትንንሾቹ አሳዎች ሆድ ውስጥ ነጭ ሪባን የመሰለ ሚገኝ አለ፣ ሊጉላ ሚባል፣ አሳውን ሆዱን ነፍቶ ያሰቃየዋል፣ ሰው ላይ ግን በሽታ ያመጣል ተብሎ አይፈራም። ኮንትራሴከም ሰው ላይ የተገኘው በአለም ላይ በጣም ጥቂት ጊዜ ነው። ግን ተገኝቷል፣ የተገኘበት ሰው ደግሞ በደንብ ያልበሰለ አሳ የበላ ነው። ቢጫው ጃፓንና ኮሪያ ውስጥ ጥሬ የሀይቅና የወንዝ አሳ በበሉ ሰዎች ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ አሳብጦ በሀኪም ተለቅሞ የወጣበት ጊዜ አለ። ሰው ወፍ ባይሆንም ትሉ ጉሮሮውን ያውቀዋል።

የኮንትራሴከም የቅርብ ዘመድ የሆነው የባህሩ ትል አኒሳኪስ ደግሞ በደንብ የታወቀ ነው። እሱ ባህር ውስጥ እንጂ ሀይቅ ውስጥ የለም፣ ግን ታሪኩ ለኛ ይጠቅማል። ሆላንዶች ሄሪንግ ሚባል አሳ ትንሽ ጨው ነክተውት ጥሬውን ይበላሉ፣ ባህላቸው ነው፣ ልክ እኛ ቁርጥ እንደምንወደው። በ1960ዎቹ በነሱ አቆጣጠር ሰዎች ሄሪንግ በልተው ሆዳቸውን እየቆረጣቸው ሆስፒታል መግባት አበዙ፣ ሲታይ ትሉ ጨጓራና አንጀት ግድግዳ ላይ ራሱን ቀብሮ ተገኘ። ምን አደረጉ መሰላችሁ፣ ሄሪንግ አትብሉ አላሉም። በ1968 ለጥሬ ሚሸጥ ሄሪንግ በሙሉ መጀመሪያ በረዶ ቤት ገብቶ ፍሪዝ እንዲደረግ በህግ አዘዙ፣ በሽታውም ወዲያው ቀነሰ፣ ሰዎቹም እስከዛሬ ሄሪንጋቸውን ይበላሉ። እኔ ምለምነው እንደዚ አይነት ነገር ነው።

ወደ ታይላንድ ሰሜን ምስራቅ ሲኬድ ግን ነገሩ ይከፋል። እዛ ጥሬ የወንዝ አሳ በመብላት ጉበት ውስጥ ገብቶ ሚኖር ትል አለ፣ አመት አልፎ አመት ሲቆይ የሀሞት ቱቦ ካንሰር ያመጣል፣ የአለም የካንሰር ምርምር ድርጅትም በ1994 እ.ኤ.አ ካንሰር አምጪ መሆኑ ከተረጋገጠ ነገሮች ጋር መድቦታል። ያ ትል እኛ ሀይቅ ውስጥ አለ እያልኩ አይደለም፣ እሱ የእስያ ነው። ነገር ግን «ጥሬ አሳ አያቶቻችንም በልተዋል ምን ሆኑ» ሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እነዛ ሰዎችም አያቶቻቸው በልተውት እንደነበር ትዝ ይለኛል።

እሺ ፈረንጆቹስ ሱሺ ይበሉ የለ እንዴ ትሉኛላችሁ። ሜሪላንድ ያለችው እህቴም ስልክ ላይ ይሄንኑ ነው ያለችኝ፣ «እዚህ ጥሬውን ነው ምንበላው ምን ያስፈራሻል»። አንድ ቀን ምትበላበት ቤት ጠይቂልኝ አልኳት፣ ጠየቀችልኝም፣ አሳው ከመቆረጡ በፊት ፍሪዝ ተደርጎ እንደሚመጣ ነገሯት። የአሜሪካ የምግብና መድሀኒት መስሪያ ቤት ያወጣው ደንብ እንደዛ ነው ሚለው፣ ጥሬውን ለሚበላ አሳ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ወይም ከዛ በላይ ቀዝቅዞ 7 ቀን መቆየት፣ ወይም ከዜሮ በታች 35 ላይ ድንጋይ እስኪሆን ደርቆ እዛው 15 ሰአት መቆየት። እንደ አንዳንድ ትልልቅ የቱና አይነቶችና ትል የሌለበት መኖ ብቻ እየተመገበ ያደገ የእርባታ አሳ ከዚ ነፃ ሚሆኑበት አለ፣ ሌላው ግን በዚ ነው ሚያልፈው። ስለዚ ያ ምታዩት ሚያብረቀርቅ ሱሺ አብዛኛው አሁን ከባህር የወጣ አይደለም፣ በረዶ ውስጥ ተኝቶ የመጣ ነው። እኛ ጋ ነው ከጀልባ በቀጥታ ወደ አፍ ሚሄደው።

ቤታችን ፍሪጅ አለ እዛ እናስቀምጠዋለን ምትሉም ተጠንቀቁ። የቤት ፍሪጅ ላይኛው በረዶ ቤት ብዙ ጊዜ ከዜሮ በታች 20 አይደርስም፣ ቢደርስም መብራት ሲጠፋ ይቀልጣል ሲመጣ ይደርቃል፣ 7 ቀን ሳይቋረጥ መብራት ያለው ሰፈር ያለ ሰው ምን ያህል ነው? ለቤት ሰው ያለው መፍትሄ እሳት ነው።

ስለ ዳጣና ሚጥሚጣም ልናገር፣ ሁሉም ሰው «ዳጣው ያቃጥለዋል» ስለሚለኝ። ዳጣ ምላስን ያቃጥላል እንጂ ትሉን አያቃጥለውም። ሎሚም፣ አቼቶም፣ ከላዩ ሚጠጣው አረቄም እንደዛው። እነዚ ትሎች እኮ ወፍ ጨጓራ አሲድ ውስጥ እንዲኖሩ ሆነው የተፈጠሩ ናቸው፣ ሎሚ ምን ያደርጋቸዋል? እኔ በአይኔ አይቼዋለሁ ብያችኋለሁ። የትል ኪኒን በየጊዜው እወስዳለሁ ሚሉም አሉ። ዛሬ የዋጥከው ኪኒን የዛሬ ወር ከምትበላው አሳ አይጠብቅህም፣ አኒሳኪስ ጨጓራ ላይ ሲጣበቅ ደግሞ ዋናው ህክምና ሀኪም በኢንዶስኮፒ፣ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ በአፍ ገብቶ ነቅሎ ማውጣቱ ነው።

ከጥሬው በላይ ሚያሳስበኝ ግን ለብ ለቡ ነው። ጥሬ በላተኛ ቢያንስ ጥሬ እንደበላ ያውቃል። ለብ ለብ ግን እንደበሰለ ነው ሚቆጠረው፣ አሳ ዱለት እንኳን በቅቤ ሙቅ ሙቅ ተደርጎ ይወርድና መሀሉ ገና ነጭ አልሆነም። አሳ በሰለ ሚባለው መሀሉ 63 ዲግሪ ሲደርስ ነው፣ ቴርሞሜትር ያለው አሳ ቤት ስለሌለ ግን በአይን ነው ምናውቀው። ብርሀን ሚያሳልፈው ስጋ ድፍን ነጭ ይሆናል፣ በሹካ ስትነካው በንብርብር ይለያያል፣ ከመሀል አጥንቱ ሳይጎተት ይለቃል። አጥንቱ ጋ ሮዝ ነገር ካለ ወይም ስጋው አጥንቱን አልለቅ ካለ ገና ነው፣ መልሱት። እኛ ሙሉውን ቆሮሶ ስንጠብስ በሁለቱም ጎን ጠለቅ አድርገን ምንሰነጥቀው ለማማሩ ብቻ አይደለም፣ ዘይቱ አጥንቱ ድረስ እንዲገባ ነው። አስተናጋጅ ቶሎ በል እያላችሁ አታዋክቡት በናታችሁ፣ ግማሽ ጥብስ ሚወጣው ሰው ሲቸኩል ነው።

አንድ ነገር ከልቤ አይወጣም። የታናሽ እህቴ ልጅ 19 አመቱ ነው፣ አምና ከጓደኞቹ ጋር ጥሬ አሳ በልቶ ሌሊት ላይ ሆዱን ይዞ ወለል ላይ ተኮራምቶ አገኘሁት፣ ላብ አጥምቆታል፣ ያስመልሰዋል ግን ሚወጣ ነገር የለም። ክሊኒክ ወሰድነው፣ ጨጓራ ነው ብለው መርፌ ወግተው ኪኒን ሰጥተው ለቀቁት፣ ምን በላ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በሶስተኛው ቀን ቀለል አለው። አሳው ነው፣ ትል ነው ብዬ አልምልም፣ ያልታየ ነገር ነው፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። ግን ጨጓራ ታሞ የማያውቅ ልጅ ነው። ከዛ ወዲህ ማንም ሰው ጥሬ አሳ በልቶ ካመመው ለሀኪሙ ቀድሞ አሳ መብላቱን ይንገር እላለሁ፣ ሀኪሞችም ሀይቅ ዳር ያለ ከተማ ላይ እስከሆናችሁ ድረስ እባካችሁ ጠይቁ።

ትሉ ብቻ አይደለም ደግሞ። ብዙ ሰው ላይ ቶሎ ጉዳት ሚያደርሰው በአይን ማይታየው ጀርም ነው፣ እሱን ደግሞ አሳው ይዞት ላይመጣ ይችላል፣ እኛ ነን ምንጨምርበት። ሀይቁ ዳር አሳ ሚታጠበው በዛው በሀይቁ ውሀ ነው። እዛው አጠገብ ልብስ ይታጠባል፣ ከብት ይጠጣል፣ የከተማው ጎርፍ ይገባል። ሚበልቱት ልጆች አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው፣ እጃቸው በአሳ እሾህ የተወጋ የቆሰለ ነው፣ በአንድ ቢላ ሆድ እቃ ይቀዱና በዛው ቢላ ሳይታጠብ ፊሌውን፣ ከአጥንት የተለየውን ስጋ፣ ያወጣሉ፣ ፊሌው ሚቀመጠው መሬት ላይ የተነጠፈ ማዳበሪያ ላይ ነው። ልጆቹን መውቀሴ አይደለም፣ ከነሱ ውስጥ የናታቸውን የቤት ኪራይ ሚከፍሉ አሉ፣ ቧንቧ ቢኖር እነሱም በቧንቧ ያጥቡ ነበር። የተጠበሰ ከሆነ ይሄን ጀርም እሳቱ ይጨርስልናል። ጥሬውን ሚበላ ሰው ግን የሀይቁን ውሀ አብሮ እየጠጣ ነው።

ወደ አዲስ አበባ ሚሄደው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ከዚ እስከዛ 275 ኪሎሜትር ገደማ ነው። በፆም ሰሞን፣ አሳ ፆም ነው አይደለም ሚለውን ለአባቶች ልተወውና፣ ፈላጊው በአንዴ ይበዛል፣ ዋጋው ይንራል፣ ያኔ በረዶ በበቂ ሳይነሰነስበት ሚጫን አሳ አለ። አሳ በረዶ ላይ መዋል ያለበት ከውሀ እንደወጣ ነው፣ አዲስ አበባ ሲደርስ አይደለም። ሆድ እቃውም ቶሎ መውጣት አለበት፣ ሆድ እቃው ውስጥ ሲቆይ ስጋው ቶሎ ይበላሻል፣ በባህር አሳ ላይ ደግሞ አሳው ከሞተ በኋላ ትሉ ከሆድ እቃው ወጥቶ ወደ ስጋው ሚገባበት ሁኔታ እንዳለ ተማሪው ነግሮኛል። በረዶ ሚጠብቀን ከመበላሸት መሆኑንም እወቁ፣ በረዶ ላይ ማቀዝቀዝ ትሉን አይገድለውም፣ ሚገድለው ያ ቅድም ያልኩት ድንጋይ እስኪሆን ፍሪዝ አድርጎ ማቆየቱ ነው። ሁለቱን ሰው ያምታታል።

በሬ ሲታረድ እኮ ቄራ ላይ ሀኪም ያየዋል። ጉበቱ ይታያል፣ ሳንባው ይታያል፣ ጤነኛ ከሆነ ማህተም ይመታበታል፣ ስጋ ቤት ገብተን ሰማያዊዋን ማህተም አይተን ነው ምንገዛው። እንደዛም ሆኖ ኮሶ አልጠፋም፣ ጥሬ ስጋ ስለምንበላ ነው፣ አያቶቻችን የኮሶ አበባ ወቅጠው እየጠጡ ነው የኖሩት። አሳ ላይ ማህተም አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በ16 አመት ውስጥ አይቼ አላውቅም። ህግ የለም እንዳልል አለ፣ የአሳ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ደህንነቱ የተጠበቀ ጥራት ያለው አሳ ስለማቅረብ ያወራል፣ የአሳ ኢንስፔክተር ሚባልም በውስጡ አለ። የምግብና መድሀኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም ለጤና ጎጂ ምግብ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ወረቀቱ ላይ ያለው ጀልባ ማቆሚያው ላይ ቢወርድልን ነው።

ምለምነው ብዙ ነገር አይደለም። ጀልባ ሚቆምበት ቦታ ላይ የቧንቧ ውሀና ከሲሚንቶ የተሰራ ሚታጠብ መበለቻ ይሰራልን። ጠዋት ጠዋት ለሁለት ለሶስት ሰአት ያህል ቁሞ አሳ ሚያይ የሰለጠነ ሰው ይመደብ። ፊሌ ስስ ስለሆነ ወደ ብርሀን አድርጎ ማየት ብቻ ብዙ ነገር ያሳያል፣ ትላልቅ ፋብሪካዎች ከስሩ መብራት ባለው መስታወት ላይ ነው ሚያዩት፣ እኛ ፀሀይ አለን፣ እኔ ሁሌም ፊሌዬን በመስኮቱ በኩል ወደ ፀሀይ ከፍ አድርጌ አያለሁ፣ ጥቁር ወይም ቢጫ ነጥብ ካለ ቆርጬ አወጣለሁ። ሆድ እቃ ሚጣልበት ጉድጓድ ይቆፈር። ጥሬ መሸጥ ሚፈልግ ቤት ደግሞ ትክክለኛ ዲፕ ፍሪዘርና ጄኔሬተር ኖሮት ፍሪዝ አድርጎ ይሽጥ፣ አይከልከል፣ እንደ ሆላንዶቹ ይሁን። አሳ አጥማጅ ማህበራቱ ተሰባስበው አንድ ትልቅ ፍሪዘር ቢገዙ ለሁሉም ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

ይሄን ስፅፍ የሰፈሬ ነጋዴዎች ሚሉኝን አውቀዋለሁ፣ «ገበያችንን ልትዘጊው ነው»። እኔም እኮ ምበላው ከዚሁ ገበያ ነው፣ ሶስት ልጆች ያሳደኩት በአሳ ነው። አሳ አትብሉ ብዬ አልፃፍኩም፣ ብሉ፣ እኔም በሳምንት ሶስት ቀን እበላለሁ፣ ለልጅ ለነፍሰጡር ለሽማግሌ ሚሆን ምግብ ነው፣ በደንብ ከበሰለ ትሉ ቢኖርበት እንኳን ሞቶ ነው ሚገኘው። ገበያው ሚዘጋው አንድ ቀን አንድ ሰው ክፉኛ ታሞ ወሬው ቲክቶክ ላይ ሲወጣ ነው፣ ያኔ የተጠበሰውንም ማንም አይነካውም፣ አጥማጁም በላቹም ጠባሿም አብረን ነው ምንራበው።

እናንተን ምጠይቀው ጋዜጠኛ ላኩ ነው። እሁድ ቅዳሜ አይሁን፣ ሰው ይበዛል፣ ማክሰኞ ወይም ሀሙስ ቢሆን ጥሩ ነው። ጀልባዎቹ መረባቸውን ሰብስበው መድረስ ሚጀምሩት ጠዋት 12 ሰአት ተኩል አካባቢ ነው፣ ከዛ በፊት ቢደርስ ይሻላል። የሀይቁንም ውሀ፣ ቢላውንም፣ ወፎቹንም በአይኑ ያያል። ከዛ ወደኔ ቤት ይምጣ፣ ከገዛሁት ውስጥ ራሱ የመረጠውን አስር ቆሮሶ ፊቱ ላይ እከፍትለታለሁ፣ የልቡን ሽፋን በቢላ ጫፍ እንዴት እንደሚነካ አሳየዋለሁ፣ ያገኘነውን ፎቶ አንስቶ ያውጣው፣ ካላገኘንም አላገኘንም ብሎ ይፃፍ። ከዛ በደንብ አድርጌ እጠብስለታለሁ።

አክባሪያችሁ፣ አሳ ጠባሿ፣ ከሀዋሳ